ርካሽ ፍሬን እንጂ ውሸታም ፍሬን አንገዛም

ዛሬ ስለ ፖለቲካ አናወራም፤ ደስ ያለው ደስ ይበለው። የምናወራው ስለ ፍሬን ነው። አዎ፣ ስለ መኪና ፍሬን ዲስክ! «ጋዜጠኝነት ተምራችሁ የቀራችሁ ይኼ ነው ወይ?» የሚለን አይጠፋም። ጭነት የጫነች አሮጌ ፒካፕ ላይ ተቀምጦ ከደብረ ታቦር ወደ ወረታ ወርዶ የማያውቅ ሰው ቢለን አንቀየመውም።

እኛ ወርደናል። እኛ ስንል ሁለት እህትማማቾች ነን። የአባታችን መኪና ነጠላ ጋቢና ፒካፕ ናት፤ ዕድሜዋ ከሁለታችንም ይበልጣል። ከጉና ሥር ድንች ትጭንና ወረታ ታወርዳለች፤ ሲቀናት ባሕር ዳር ድረስ ትሄዳለች። የትምህርት ቤት ደብተራችንም፣ የዩኒቨርሲቲ የኪስ ገንዘባችንም ከእሷ ኪራይ የወጣ ነው። ስለዚህ ስለ እሷ ስናወራ ትንሽ ብናዳላ አትፍረዱብን።

የሆነው እንዲህ ነው። ከዓለም በር በላይ ያለውን ቁልቁለት እየወረድን አባባ ፍሬን በያዙ ቁጥር መሪው ይንቀጠቀጥ ጀመር። መንቀጥቀጡን እንኳ ለምደነው ነበር፤ ለወራት ስትንቀጠቀጥ ኖራለች። የዚያን ቀን ግን ሌላ ነገር ተጨመረ። ፔዳሉ ከእግራቸው ሥር እንደ ስፖንጅ ለስልሶ ወረደ። ደጋግመው ረገጡት። ሁለተኛ ማርሽ፣ ከዚያ አንደኛ፣ ከዚያ የእጅ ፍሬን። ሞተሩ ጮኸ፣ እኛም ሳንጮህ አልቀረንም። በመጨረሻ መኪናዋ የመንገዱ ዳር ላይ ያለውን የአፈር ቁልል ተደግፋ ቆመች። ከፊት ጎማ የተቃጠለ ሸራ ሽታ ይወጣል። አባባ ወርደው ጎማውን አዩ፣ ጭነቱን አዩ፣ አማተቡና «ተመስገን፤ ድንቹም አልፈሰሰ» አሉ። እስከ ማታ ሌላ ቃል አልተናገሩም።

በማግስቱ ጋራዥ ገባን። መካኒኩ ጎማውን ፈትቶ ዲስኩን በጣቱ ዳሰሰና ራሱን ነቀነቀ። ዲስኩ ሁለት ጊዜ ቶርኖ ቤት ገብቶ ተልጓል። ጫፉ ላይ እንደ ምጣድ ከንፈር ያለ ጠርዝ ቀርቶታል፤ መሃሉ ሳስቷል። የፍሬን ዘይቱም ከተቀየረ ማን ያስታውሳል?

ለምን ይህ ለሞት እንደሚያበቃ ለመረዳት መሐንዲስ መሆን አያሻም። ደብረ ታቦር ከባሕር ጠለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ወረታ 1,800 ሜትር ገደማ። በ40 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ወደ 900 ሜትር እንወርዳለን ማለት ነው። ጭነቷና ሰዉ ተደምሮ ሦስት ቶን የሆነች መኪና ይህን ስትወርድ ይዛው የወረደችው ጉልበት የሆነ ቦታ ሙቀት ሆኖ መውጣት አለበት። አስልተነዋል፤ ከ80 ሊትር በላይ ቀዝቃዛ ውሃ የሚያፈላ ሙቀት ነው። አራት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን! እርግጥ ነው ነፋሱም፣ ጎማውም፣ ሞተሩም ድርሻቸውን ይወስዳሉ። ማርሹን ለቆ በፍሬን ብቻ የሚወርድ ሾፌር ግን አብዛኛውን የሚያሸክመው ለእነዚያ ሁለት የፊት ዲስኮችና ለኋላ ታምቡሮች ነው። ወፍራም ዲስክ ሙቀቱን ይሸከማል። የሳሳ ዲስክ አይችልም፤ ሙቀቱን ለሸራው፣ ሸራው ለፒስተኑ፣ ፒስተኑ ለዘይቱ ያስተላልፋል። አዲስ ዶት 3 የሚባለው የፍሬን ዘይት ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሳይፈላ ይቆያል። ዘይቱ ግን በባሕርዩ ከአየር እርጥበት ይጠጣል። እርጥበት ሲጠጣ የመፍያው ልክ ወደ 140 ዲግሪ ሊወርድ ይችላል። ዘይት ሲፈላ አረፋ ይሆናል። አረፋ ሲረገጥ ይጨመቃል እንጂ ፒስተን አይገፋም። አባባ የረገጡት አረፋ ነበር።

ቁልቁለት ለአገራችን ሰው አዲስ ፈተና አይደለም። ከደብረ ታቦር ጥቂት ራቅ ብላ በምትገኘው ጋፋት ዐፄ ቴዎድሮስ ያሠሩት «ሴባስቶፖል» 7 ቶን ገደማ ይመዝን ነበር። እ.ኤ.አ. በ1867 መጨረሻ ከደብረ ታቦር ተነሥቶ መቅደላ የደረሰው በ1868 መጋቢት ወር ነው፤ ስድስት ወር ገደማ ፈጀ። ስለ ዳገቱ ሁሉም ያወራል፤ በመቶዎች የሚቆጠር ሰው ጎተተው ይባላል። እኛ ግን ከዚያ ቁልቁለት በኋላ የምናስበው የጂዳንና የበሽሎን ገደል ሲወርድ ስለያዘው ሰው ነው። ያኔ ፍሬኑ የሰው ክንድ ሳይሆን አይቀርም። ዛሬ ደግሞ የብረት ክብ ነው። ጥያቄው ብረቱ ምን ያህል ብረት ነው የሚለው ነው።

ወደ ገበያው እንምጣ። መካኒኩ «የፊት ዲስክ ጥንድ፣ ሸራ፣ ዘይት» ብሎ ጻፈልንና አሮጌውን ዲስክ በማዳበሪያ ጠቅልሎ አሸከመን። መለዋወጫ ሱቅ ሄድን። የከተማዋንም የሱቁንም ስም አንጠራም፤ የሆነው ነገር የአንድ ሱቅ ጉዳይ ስላልሆነ።

«ምን ልታዘዝ እህቶቼ?»

«የፊት ፍሬን ዲስክ።»

«ወንድ አብሯችሁ አልመጣም?»

«ድንች እያወረደ ነው» አልነው።

ሳቀና ሦስት ዓይነት ደረደረልን። አንደኛው ያገለገለ ነው፤ ከፈረሰ መኪና የወጣ፣ «ኦሪጅናል የጃፓን» የተባለ፣ ከሁሉም የሚረክስ። ሁለተኛው አዲስ ነው፤ ስሙን ሰምተነው የማናውቅ አምራች ስም የተጻፈበት ተራ ካርቶን ውስጥ ያለ። ሦስተኛውም አዲስ ነው፤ ካርቶኑ ላይ ዓለም የሚያውቀው የጃፓን ስም በሚያብረቀርቅ ቀለም ታትሟል። የእውነተኛው ኦሪጅናል ዋጋ የዚህን እጥፍ እንደሆነ ቀደም ብለን ጠይቀን ነበር። ሻጩ ግን «ይሄ ኦሪጅናል ነው፣ ለእናንተ ብዬ ነው» አለን።

ለእኛ ብሎ! ልባችን ወደ ሚያብረቀርቀው ሄደ፤ አንዋሽም። ግን አባባ ድንች በሚዛን ሲሸጡ እያየን ነው ያደግነው። ከሱቁ አጠገብ እህል የሚሸጡ እናት ሚዛናቸውን እንዲያውሱን ለመንናቸው። አሮጌውን ዲስክ፣ ተራውንና የሚያብረቀርቀውን በየተራ አወጣናቸው። ሁለቱም አዲሶች ከአሮጌው ጋር በስፋትም፣ በከፍታም፣ በቡሎን ቀዳዳም እኩል ናቸው፤ ለክተናል።

ተራው ዲስክ ከአሮጌው ከበደ። የሚገባም ነው፤ አሮጌው ለዓመታት ተፍቆ፣ ሁለት ጊዜ ተልጎ ያለቀ ስለሆነ። የሚያብረቀርቀው ግን ከአሮጌው በግማሽ ኪሎ ገደማ ቀለለ።

አዲስ ሆኖ ካለቀው ያነሰ ዲስክ! እህል ሻጯ «ይኼስ እንክርዳድ ነው» አሉ። ከዚያ የተሻለ ቃል እስካሁን አላገኘንም።

ሻጩ ደነገጠ። ሌባ ነው ብለን አናስብም። «እኔ እንደመጣልኝ ነው የምሸጠው። ሰው ሲገባ የሚጠይቀኝ የቱ ይሻላል ብሎ ሳይሆን የቱ ይረክሳል ብሎ ነው» አለን። እውነቱን ነው። «ደረሰኝ ትሰጠናለህ?» ስንለው ግን «በደረሰኝ ከሆነ ዋጋው ሌላ ነው» አለ። ይህን ዓረፍተ ነገር ያልሰማ ኢትዮጵያዊ ሸማች ካለ እጁን ያውጣ።

እንግዲህ ክርክራችን እዚህ ላይ ይጀምራል።

ብዙ ሰው በፍሬን ጉዳይ የሚሰጠው ምክር አንድ ነው፤ «ኦሪጅናል ግዙ፣ በነፍስ አይቀለድም!» ምክሩ ጥሩ ነው፤ ለሚችል። ለማይችለው ግን ምክር ሳይሆን ፍርድ ነው። «የቸገረው እርጉዝ ያገባል» ይላል የአገራችን ሰው። የቸገረው ሾፌር ደግሞ ኦሪጅናል ግዛ ሲባል የሚያደርገው የታወቀ ነው፤ ያለቀውን ዲስክ ለሦስተኛ ጊዜ ቶርኖ ቤት ይልከዋል፣ ወይም «ኦሪጅናል» የሚል ቃል የተለጠፈበትን ውሸት ይገዛል። ኦሪጅናል የሚለው ቃል ራሱ ነው ለውሸቱ ገበያ የፈጠረለት። ሁላችንም ስሙን ስለምንፈልግ ስሙን አተሙልን።

የፍሬን ዲስክ የጠፈር መንኮራኩር አይደለም። በትክክል የቀለጠ፣ በልኩ የተላገ ግራጫ ብረት ነው። ስሙ ያልታወቀ ፋብሪካም በደንብ ሊሠራው ይችላል፤ ብዙዎቹም ይሠራሉ። በአውሮፓ መለዋወጫ የፍሬን ሸራና ዲስክ የሚፈተኑበት የተባበሩት መንግሥታት ደንብ ቁጥር 90 አለ። ደንቡ የመኪናውን አምራች ዕቃ ብቻ ግዙ አይልም። ማንም ይሥራው፣ ርካሽ ይሁን፣ ፈተናውን ይለፍ ነው የሚለው። ያለፈው ዕቃ በክብ ውስጥ የላቲን «ኢ» ፊደልና ቁጥር ይታተምበታል። እኛ የምንለውም ይኼንኑ ነው፤ ርካሽነት ጠላታችን አይደለም፣ ውሸት ነው ጠላታችን።

ደግሞስ አሮጌ መኪና ይዘን የቀረነው ወደን ነው? በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ባገለገሉ ተሽከርካሪዎች ላይ እስከ 500 በመቶ የሚደርስ ታክስ ጣለ። ዓላማው አሮጌ መኪና እንዳይገባ ነበር፤ ክፉ ዓላማ አይደለም። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ የነዳጅ የቤት አውቶሞቢል እንዳይገባ ተከለከለ። የውጭ አሮጌ መኪና ሲከለከል ግን የውስጡ አሮጌ መኪና ጡረታ አልወጣም። እንዲያውም ተወደደ። መኪና ሲያረጅ ዋጋው የሚጨምርበት አገር ላይ ሾፌር አሮጌውን እስከ መጨረሻው ቢጠግን ምን ይደንቃል? ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ተለቀቀ። ከዚያ በፊት 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በዓመቱ ከ130 ብር አለፈ። የፍሬን ዲስክ ደግሞ በዶላር የሚገባ ዕቃ ነው። በዚህ ላይ ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ ክልላችን የገባበት ግጭት አለ። መንገድ ሲዘጋ ከአዲስ አበባ ሶማሌ ተራ የሚመጣው ዕቃ ይቆማል፤ ሱቅ ውስጥ የቀረው ይወደዳል፤ የቸኮለ ሰው ደግሞ መርጦ አይገዛም።

«አቅም ከሌለው አይንዳ» የሚሉም አሉ። ይህን የሚሉት ድንቹ ከጉና በእግሩ የሚወርድ መስሏቸው ይሆን? ምጥ የያዛት ሴት በሌሊት ወደ ሆስፒታል የምትሄደው በየትኛው መኪና ነው? በየገጠር ከተማው ያለ ሰው መልሱን ያውቃል፤ አሮጌ ፒካፕ ያለውን ጎረቤት ቀስቅሶ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው ሪፖርት በ2016 በኢትዮጵያ መንገዶች ላይ ከ27 ሺህ በላይ ሰው እንደሞተ ገምቷል። ከዚያ ውስጥ ስንቱ በፍሬን እንደሆነ አንናገርም። ከዓለም በር በላይ በነበርንበት ቀን ግን እኛ ቁጥሩ ውስጥ ልንገባ አንድ የአፈር ቁልል ብቻ ነበር የቀረን።

ስለዚህ አቅሙ ትንሽ ለሆነ ግን ነፍሱን ለሚወድ ሰው የተማርነውን እናካፍል።

አንደኛ፣ ሳትገዙ በፊት መግዛት እንዳለባችሁ አረጋግጡ። መሪ የተንቀጠቀጠ ሁሉ ዲስክ አለቀ ማለት አይደለም። ዲስኩ የሚቀመጥበት ፊት ዝጎ ወይም ጎሚስታው ቡሎኖቹን እኩል ሳያጠብቅ ቀርቶ ሊሆን ይችላል። በሽቦ ብሩሽ ጠርጎ፣ ቡሎኑን በመስቀለኛ አጥብቆ ማየት ገንዘብ አይጠይቅም።

ሁለተኛ፣ ውፍረቱን ለኩ። ዲስኩ ላይ ዝቅተኛው ውፍረት በሚሊ ሜትር ተቀርጾ ይመጣል። መለኪያው ያላለቀው ጠርዝ ላይ እያረፈ እንዳያታልላችሁ በሁለቱ ፊቶች ላይ አንዳንድ ሳንቲም አስጠግታችሁ ለኩና የሳንቲሞቹን ውፍረት ቀንሱ። ከልኩ በታች የወረደ ዲስክ ቶርኖ ቤት አይገባም፤ ቁርጥራጭ ብረት ለሚገዛ ነው የሚሰጠው። ያገለገለ «ኦሪጅናል» ስትገዙም ሕጉ ይኸው ነው። ያለቀ ኦሪጅናል ያለቀ ነው።

ሦስተኛ፣ አሮጌውን ተሸክማችሁ ሂዱ። አንድ ስም ያላቸው ፒካፖች በየዓመተ ምሕረቱ ዲስካቸው ይለያያል። አንዱ ድፍን ነው፣ ሌላው መሃሉ ለአየር የተከፈተ። የሻንሲ ቁጥሩንም ጻፉ። በአሮጌ ባለ አራት ጎማ ሳቢ ፒካፖች ላይ ዲስኩን ለማውጣት ኩሽኔታው ሁሉ ይፈታል፤ ግሪስና ጎሚኒ ይጨመራል። የማይሆን ዲስክ ገዝቶ መመለስ የእጅ ዋጋ ሁለት ጊዜ መክፈል ነው።

አራተኛ፣ መዝኑ። ልኩ እኩል ሆኖ ካለቀው ዲስክ የቀለለ አዲስ ዲስክ ዋጋው ነፃ ቢሆንም ውድ ነው።

አምስተኛ፣ ሁለቱንም ጎን አንድ ላይ ቀይሩ፤ ሸራውንም አብራችሁ። ዘይቱንም። ዲስክ ላይ ገንዘብ አጥሮን ሸራውን አሮጌ ብንተው አሮጌው ሸራ አዲሱን ዲስክ በራሱ ቅርጽ ይፍቀዋል። ዘይት ከሁሉም የሚረክስ ነው፤ የሚረሳውም እሱ ነው። በሁለት ዓመት አንዴ ይቀየር።

ስድስተኛ፣ በማርሽ ውረዱ። በወጣችሁበት ማርሽ ውረዱ የሚለው የድሮ ሾፌሮች ምክር እስካሁን የሚበልጠው አልተገኘም። ከታች ስትደርሱ ደግሞ የጋለ ዲስክ ላይ ውሃ አትድፉ፤ ብረቱ ይሰነጠቃል። ዛፍ ጥላ ሥር አቁማችሁ ሻይ ጠጡ።

ይህ የእኛ ድርሻ ነው። የቀረው የእኛ አይደለም። በ2006 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 813 ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሸማች በ15 ቀን ውስጥ እንዲቀየርለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት መጠየቅ እንደሚችል ደንግጓል። ደረሰኝ የሌለው ሸማች ግን ምን ይዞ ይጠይቃል? «በደረሰኝ ከሆነ ዋጋው ሌላ ነው» የሚለው ንግግር የታክስ ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ የነፍስ ጉዳይ ነው። ሐሰተኛ ዕቃ ከየት እንደመጣ ወደ ኋላ ተከትሎ የሚገኘው በዚያች ወረቀት ነው። ወረቀቷ ከሌለች አስመጪው አይታወቅም፣ ጅምላ ሻጩ አይታወቅም፤ የሚታወቀው ገደል የገባው ሾፌር ብቻ ነው። እሱም «በፍጥነት ሲነዳ» ተብሎ ይመዘገባል።

በየዓመቱ ለቦሎ የሚደረገውም ምርመራ ዲስክ ቢለካ ምን ይጎዳል? የሚያስፈልገው አንድ መለኪያና አምስት ደቂቃ ነው። ጋራዦቻችን ፍሬን፣ ታምቡር፣ ቶርኖ፣ ኩሽኔታ፣ ጎሚስታ የሚሉትን ቃላት ከጣልያን ወርሰዋል። ስሙን ከወረስን ብዙ ዘመናችን ነው፤ መለካቱን ግን ገና አልለመድነውም። የጉምሩክ ሰዎችም ካርቶን ከማንበብ አልፈው ካርቶን ከፍተው ቢመዝኑ፣ እህል ሻጯ እናት በሁለት ደቂቃ ያገኙትን ያገኛሉ።

እኛ ተራውን ዲስክ ገዛን። ስሙን እስካሁን አስተካክለን መጥራት አንችልም። አስከፍሎንም ቢሆን ደረሰኝ ተቀበልን፤ አባባ በአሮጌ ቦርሳቸው ውስጥ ከመታወቂያቸው ጋር አስቀምጠውታል። መካኒኩ የአዲሱን ዲስክ የማሸጊያ ዘይት በቤንዚን ጠርጎ ገጠመውና «የመጀመሪያዎቹን ጥቂት መቶ ኪሎ ሜትሮች በእርጋታ ያዙት» ብሎ ሸኘን። በሚቀጥለው ገበያ ቀን ድንች ጭነን ወረድን። ከዓለም በር በላይ ያ የአፈር ቁልል የተደገፍንበት ምልክት እንዳለ አለ። አባባ በሁለተኛ ማርሽ፣ በዝግታ አለፉት። ከኋላ የመጣ አይሱዙ ጥሩምባ ነፋብን።

«ይንፋ» አሉ አባባ፤ «ምናልባት እሱ አልመዘነ ይሆናል።»